እርማችንን ያወጣንበት ሐይቅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 1972

አልማርም ብያለሁ፣ አልማርም። ይህን መጀመሪያ ጻፊልኝ። በዚህ ዕድሜዬ አንዲት ልጅ እግር ሴት ፊት ተቀምጬ ሀ ሁ አልልም። ለቀበሌው ዕድሜዬን ከፍ አድርጌ ነግሬ ከመሠረተ ትምህርቱ ቀርቻለሁ። በስንት ዓመት ከፍ እንዳደረግኩት አይጻፍ።

አስካለ ግን ተማረች። ሚስቴ ናት። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ እየረገጠች ሄዳ ፊደል ለየች። አሁን ደግሞ እንዳይረሱት በየቀኑ አንድ ገጽ ጻፉ ተብለዋል። ፓፓያው ሥር ተቀምጣ እርሳሷን ታኝካለች። የምትጽፈው ጠፍቷት ነው። እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ አልኳት። ቀርፋፋ ናት። አንድ ቃል ስሰጣት ለቅማ እስክታስቀምጣት እጠብቃለሁ። ስለዚህ አጭር አጭሩን ነው የምናገረው።

ስለ ምን? ስለ ራሴ። ግንበኛ ነበርኩ። ካፖ ነበርኩ፤ ሃያ ሰው ከእጄ ሥር ይሠራ ነበር። እዚህ ናዝሬት ውስጥ ያቆምኩት ግድግዳ ተንጋዷል የሚል ካለ ቱምቢ ይዞ ይምጣና ይለካ። የእኔ ቱምቢ ዛሬም ኪሴ ውስጥ ናት።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። የገዛ ቤቴን በር ዝቅ አድርጌ ሠራሁት። ልጃችን ግርማ ቁመቱ ረጅም ነው። በገባ በወጣ ቁጥር ግንባሩ ከጉበኑ ይጋጫል። ይስቃል። «አባባ፣ ይሄን በር ለድንክ ነው የሠሩት?» ይለኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው።

የወሰዱት በየካቲት ነው። መጪው የካቲት ሲመጣ ሁለት ዓመት ይሞላዋል።

ጉልበቴን አሞኛል። ይበቃል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ዛሬ አንብቢልኝ አልኳት። እየጎተተች አነበበች። ስለ እኔ ያለውን ደህና አድርጋ ወጣችው። እልጁ ጋ ስትደርስ «ቁመቱ ረጅም ነው» አለች።

አቁሚ አልኳት። እኔ የተናገርኩት «ረጅም ነበር» ብዬ ነው።

«በ የሚለውን ፊደል ገና አልተማርንም» አለች፣ ቀና ሳትል።

ማንበብ አልችልም እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም። አሁን «ካፖ ነበርኩ» ብለሽ አላነበብሽም? ለእኔ ሲሆን ፊደሉን ተምረሻል፣ ለእሱ ሲሆን አልተማርሽም?

ምላጭ አንሥታ እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች። እርሳሱ የተቀረጸ ነው።

ስለ ልጁ የተናገርኩትን አንድ በአንድ ለውጣዋለች። «ይጋጭ ነበር» ያልኩትን «ይጋጫል»፣ «ይስቅ ነበር» ያልኩትን «ይስቃል»። እኔ ግድግዳ ስሠራ ከኋላዬ ድንጋዩን እየነቀለ ሌላ የሚያስቀምጥ ሠራተኛ ቢኖር ያን ቀን ነበር የማባርረው። ሚስት ግን አትባረርም።

እንግዲህ ከመነሻው ልናገር። ጻፊ፣ አትለውጪ።

ግርማን ከወሰዱት በኋላ አስካለ በየቀኑ ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ታመላልስ ነበር። ሦስት ድርብ የሆነች የቆርቆሮ ምሳ ዕቃ አለችን፤ ቀይ አበባ አለባት። አንድ ቀን ጠባቂው ባዶዋን መለሰላትና «ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ እንዳታመጪ» አላት። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ የለም። እሷ ግን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውት ነው አለች። «ለመንገዱ ጥርግ አድርጎ በልቶ ነው የላከልኝ፤ ይኸው ባዶ ነው» አለች። የበላው ጠባቂው ነው አልኳት። ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

ማልቀስ ክልክል ነበር። ያኔ ልጁ የሞተበት ሰው ድንኳን አይጥልም፣ ጥቁር አይለብስም፣ ድምፁን አያወጣም። ጎረቤት ለቅሶ አይደርስም፤ ይፈራል። አልፈርድበትም፣ እኔም የሰው ለቅሶ ቀርቻለሁ። እርሜን ሳላወጣ ይኸው እዚህ ደረስኩ። 

አሁን ሁለት ቃል ጻፊ አልኳት። የልጁን ስምና ሌላ አንዲት ቃል። እርሳሱን አስቀመጠች። እንግዲያው አልጻፍኩም ብለሽ ጻፊ አልኳት።

አልጻፍኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ዛሬ አቦ ነው። ጠዋት ደወሉን ስሰማ ዝቋላ ትዝ አለኝ።

ወጣት ሳለሁ እዚያ ተራራ ላይ የአንድ ዕቃ ቤት ግድግዳ ስሠራ ከርሜያለሁ። አናቱ ላይ ሐይቅ አለ። እሑድ እሑድ ሥራ ስለሌለ ዳሩ ላይ ብቻዬን እቀመጥ ነበር። ሰው ቢጮህ ዛፍና ውሃ እንጂ የሚሰማው የለም። ቀበሌ የለም። ግድግዳ የለም። እዚያ ወጥቼ አልቅሼ እመለሳለሁ አልኩ።

ለአስካለ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «እኔም እሄዳለሁ» አለች።

«እርሜን ላወጣ ነው የምሄደው፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። እርስዎ እርምዎን ያውጡ። እኔ ለአቦ ልሳል ነው የምሄደው። ልጄን በሰላም ከመለሰልኝ ጥላ አስገባለሁ።»

እንግዲህ መኪናው አንድ ነው። የምንሄድበት ጉዳይ ሁለት ነው። አንደኛችን ሞኝ ነን።

ጉልበቴን በቅቤ አሸችው። በጣም አጥብቃ ነው ያሸችው።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ቀበሌ ሄድን። ይለፍ ሳይዙ ከከተማ መውጣት የለም። ጸሐፊው ድሮ ጭቃ ያቀብለኝ የነበረ ልጅ ነው። አሁን ጓድ ሆኗል። ደህና ጭቃ አቀባይ ነበር።

«አባባ፣ ዝቋላ ምን ሊሠሩ ነው?»

«ጸበል። ለጉልበቴ።»

«ጉልበቱን ለታመመ ሰው ተራራ ያዘዘው ሐኪም የቱ ነው?» አለ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም በጥርሴ ሳቅኩ። ይለፉን የያዘው እሱ ነው፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ። እስከ እሑድ የሚቆይ ሰጠን። ይህም አንድ ድል ነው።

ግን ፈርሙ አለ። አስካለ ብዕሩን ተቀብላ ስሟን ጻፈች። አራት ፊደል። ለእኔ ቀለም አመጡልኝ፤ አውራ ጣቴን ነክሬ ተጫንኩ። እሷ ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች። አዞረች ብለሽ ጻፊ። አውቄብሻለሁ። ቀለሙ እስካሁን አልለቀቀም።

የምንይዘው፦
ይለፍ።
ጋቢዬ። ከዘራዬ።
ዳቦ፣ ቆሎ፣ ስድስት ቅቅል እንቁላል።
የአስካለ ጃንጥላ። ዝናብ የለም። ለጌጥ ነው።
ምሳ ዕቃዋ። በጨርቅ ቋጥረሽ አትይዢም ወይ አልኳት። «እንቁላሉ እንዳይሰበር ነው» አለች። የተቀቀለ እንቁላል ቢሰበር ምን ይሆናል?

ደብተሩ አይሄድም። ሞጆ ኬላ አለ። ከጤፉ ማድጋ ውስጥ ይገባል።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ትናንት አልጻፍንም። ማታ ደብረ ዘይት እህቷ ቤት አደርን፤ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ገባን። ጉልበቴ ኳስ አክሏል። አሁን ሁሉንም እናገራለሁ። ረጅም ነው። እጅሽ ከደከመ ንገሪኝ።

በመጀመሪያው አውቶቡስ ወጣን። ሞጆ ላይ አስወርደው ፈተሹን። አንድ ወታደር ምሳ ዕቃዋን አስከፈታት። ከላይ ቆሎ፣ ከመሃል እንቁላልና ዳቦ። ሦስተኛዋን ድርብ ሳይከፍት «ሂዱ» አለ። ከደብረ ዘይት ጭድ ለመጫን የሚሄድ መኪና አገኘን፤ ተራራው እግር ድረስ አደረሰን። ገበሬው ጤፍ ያጭዳል። «አካም ቡልተን» አሉን፤ ደህና አደርን አልናቸው። ከዚያ በእግር።

ጎረምሳ ሁለት ሰዓት አይፈጅበትም። እኛ ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትቆም ተጓዝን። አስካለ ከፊት፣ ምሳ ዕቃዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ። እኔ ከኋላ። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ።

አራት ጊዜ ነው።

ሦስት ብያለሁ፣ አስካለ። እሺ፣ ይሁን።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ዞር ብለን አየን። ቆቃ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ከዚያ ወዲያ ናዝሬት በጭጋግ ውስጥ ናት፤ ቤታችንን ፈለግኩ፣ ከዚያ ሆኖ የሚታይ ይመስል። ከዚያ ወደ ውስጥ ወረድን። ሐይቁ እንደተውኩት ነው። ዙሪያውን ጽድ፤ ጽዶቹ ጺም አብቅለዋል። ነፋስ አልነበረም። አርባ ዓመት ውሃ ልክ ይዤ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ልክ የሆነ ነገር ግን ሠርቼ አላውቅም።

አስካለ ከወዲያ ሄዳ ከአንድ ጽድ ሥር ተንበረከከች። እኔ ዳሩ ላይ ቆምኩ። ጋቢዬን ወገቤ ላይ ታጠቅኩ። ለቅሶ ቤት እንደሚቆም ሰው ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ።

ሳል መጣ።

እንደገና ሞከርኩ። አንዲት ዳክዬ ደንግጣ በረረች። ሌላ ምንም የለም። ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት የት ገባ? አፈርኩ። ማንም ሳያየኝ አፈርኩ። ለቅሶ ላይ አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል። ብቻውን የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔን የሚቀበለኝ አልነበረም። ከጽዱ ሥር «አቦዬ፣ ልጄን» ስትል ይሰማኛል። እሷ ትለምናለች፣ እኔ እቀብራለሁ፤ አንድ ልጅ ነው ያለን።

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለሰው ያልነገርኩትን ነገርኳት። አሁን ደግሞ ለራሷ አስጽፋታለሁ። ጻፊ።

የአብዮት ጠባቂዎቹ የመጡ ቀን እሷ ወለንጪቲ ገበያ ሄዳ ነበር። ግርማ ድምፃቸውን ሰምቶ ኮርኒሱ ውስጥ ገባ። በራፌ ላይ ቆመው «ልጅህ አለ?» አሉኝ። የለም ማለት ነበረብኝ። ያኔ መዋሸት አላውቅም ነበር፤ ዕድሜዬን የዋሸሁት ከዚያ በኋላ ነው። «የእኔ ልጅ ሌባ አይደለም፣ አይደበቅም» አልኳቸው። ደረቴን ነፍቼ። ከጓሮ መሰላሌን አምጥቼ አቆምኩ። «ውረድ» አልኩት፤ «ጠይቀውህ ትመለሳለህ።» አየኝ።  ወረደ። ሲያወጡት ጎንበስ አለ። ያን ቀን ግንባሩ ከጉበኑ አልተጋጨም።

አስካለ ውሃውን እያየች «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ከገበያ ስመለስ መሰላሉ ቆሞ አገኘሁት። ግርማ ከመቼ ወዲህ ነው መሰላል የሚፈልገው? ዘሎ ነው የሚወርደው። ያቆሙለት እርስዎ ነዎት። ጎረቤት እንዳያይ ወደ ጓሮ የመለስኩት እኔ ነኝ።»

እውነት ነው። ማታ መሰላሉ ቦታው ላይ ነበር። ማን መለሰው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

ከተጋባን ጀምሮ አንቱ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። እዚያ ሐይቅ ዳር አንተ አለችኝ።

«አንተ» አለች፣ «እሱ ከሞተ ያወረድከው አንተ ነህ። ካልሞተ ማንም ምንም አላደረገም። ‹ነበር› ብዬ ካንተ ጋር አንድ ማዕድ ልቀርብ? ‹ነው› ስል የኖርኩት ለእሱ ብቻ መሰለህ?»

 እጄን ኪሴ ከትቼ ቱምቢዬን ጨበጥኩ። እንደ እሳት ትቀዘቅዛለች ማለት ካለ፣ እንደዚያ ነበረች።

አስካለ ምሳ ዕቃዋን ፈታች። ሦስተኛዋን ድርብ ከፈተች። ሁለት እንቁላልና ቁራሽ ዳቦ ለብቻው፣ ጨው በወረቀት ተጠቅልሎ። የማን ድርሻ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ግርማ እንቁላል ያለ ጨው አይበላም። ዳቦውን ለሁለት ቆረሰችው፤ ግማሹን ሰጠችኝ። «ብላ» አለችኝ። በላሁ። እሷም አፏ ውስጥ አደረገችው። አላኘከችውም። እንደያዘችው ቆየች።

ከዚያ ድምፅ ወጣት። እኔ ያን ድምፅ ከሰው ሰምቼ አላውቅም። «ልጄን! ልጄን! ረጅሙን!» እያለች ደረቷን ደቃች። ያኔ የእኔም ተፈታ። እሷ አነሣች፣ እኔ ተቀበልኩ። እንደ ሴት አለቀስኩ ልል ነበር፤ አልልም። እንደ አባት ነው ያለቀስኩት።

ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። አንዲት አሮጊት ኦሮሞ በእጇ እርጥብ ሣር ይዛ ለጸሎት ወደ ውሃው ስትወርድ አየችን። ቆመች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና መጥታ አስካለ አጠገብ ተቀመጠች። አለቀሰች። ለማን እንደምናለቅስ አልጠየቀችም። የራሷ ይኖራታል ብዬ አሰብኩ፤ በዚህ ጊዜ የራሱ የሌለው ማን አለ? ሦስት ሆንን። ሦስት ሰው ለቅሶ ቤት ይሞላል።

ሲበርድልን ሴትዮዋ «ስሙ ማን ነበር?» አለች።

አስካለ አልመለሰችም። እኔ መለስኩ።

ሴትዮዋ ከያዘችው ሣር ግማሹን አስካለ ጭን ላይ አኖረች። «ዋቃ ያጽናችሁ» ብላ ወደ ውሃው ወረደች።

አስካለ ከመነሣታችን በፊት ምሳ ዕቃዋን ይዛ ዳሩ ድረስ ሄደች። ሦስቱንም ድርብ በሐይቁ ውሃ ሞላቻቸው። ለጉልበቴ ነው ብላለች። ቁልቁለቱን ሁሉ እየፈሰሰባት ቀሚሷ ራሰ። ልያዝልሽ ብላት አልሰጠችኝም። ባዶዋን አልመልሳትም አለች።

እጄ ደከመ አለች። ይብቃ። ዛሬ «ነበር» በይ ብዬ አላስቸገርኳትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠዋት ጸጉሬን ተላጨሁ። ልጁን የቀበረ ሰው ይላጫል፤ እኔ ሁለት ዓመት ዘገየሁ። አስተካካዩ አብዲሳ ይባላል፤ ሱቁ ገበያው አጠገብ ነው።

«ኦቦ፣ ሙልጭ ይሁን? በዚህ በኅዳር ብርድ?»

«ቅማል ነው» አልኩት።

በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ምላጩ ቆመ። ከኋላችን ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበረ። አብዲሳ ጮክ ብሎ «ቅማልስ መከራ ነው!» አለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ጀባዹ» አለኝ። በርታ ማለቱ ነው። ከናዝሬት ሰው ለቅሶ የደረሰኝ እሱ የመጀመሪያው ነው።

አስካለ ለአስተማሪዋ ሌላ ገጽ ጽፋ ወሰደች፤ ይሄኛው አይታይም። «ቅዳሜ ሐይቅ አየን። ውሃው ሰማያዊ ነው። ተራራው ረጅም ነው።» ጎበዝ ተብላ መጣች። ተራራ ረጅም ቢባል ማንን ይጎዳል።

ቤት ስገባ መዶሻና መሮዬን አወጣሁ። ጉበኑን ነቅዬ በሩን ከፍ ላደርገው ነበር። ሃያ ዓመት ነገ ነገ ስል የኖርኩት ሥራ ነው። መሰላሉን ሳቆም አስካለ ወጥታ አየችኝ።

«ለማን ነው ከፍ የሚያደርጉት?» አለችኝ። ወደ አንቱ ተመልሳለች።

እውነትም ለማን ነው። ጉበኑ መሃል ላይ የጠቆረ ቦታ አለ፤ ጸጉሩ የነካው፣ ቅባቱ የያዘው። ከዚህ በፊት አላየሁትም ነበር። መሮውን መለስኩ። መሰላሉንም ወደ ጓሮ ወሰድኩት፤ ዛሬ በራሴ እጅ። በሩ እንደዚያው ይቆያል። እኛ ሁለታችን ዝቅ ብለን አንገባበትም፣ ይበቃናል።

ከሰዓት በኋላ ሳልጠራት ደብተሯን ይዛ መጣች። ከላዩ ላይ የጤፍ ዱቄት አራገፈች። ፓፓያው ሥር ተቀመጠች። የማክሰኞውን ገጽ ገለጠች።

«ይሄን ልሰርዘው?» አለች።

የቱን እንደሆነ አሳዪኝ አልኳት። በጣቷ ነካችው። ሁለት ምልክት፣ ጎን ለጎን። «ነው» ማለት ይሄ ነው? ይሄ ነው አለች። ሁለት ድንጋይ ብቻ። ሁለት ዓመት ያን ሁሉ ተሸክሞ የቆመ።

ሌላውስ ቃል ስንት ድንጋይ ነው?

ሦስት ነው አለች።

አትሰርዢው አልኳት። የማክሰኞው እንደቆመ ይቁም። አዲሱን እዚህ ጻፊው።

እርሳሷን ያዘች። ብዙ ጠበቅኩ። ፓፓያው ላይ ወፍ መጥታ ሄደች። ቆይታ ጻፈች፤ እኔ ሳልናገር ነው የጻፈችው።

ልጃችን ግርማ ቁመቱ ረጅም ነበር።

አንብቢልኝ አልኳት። አነበበችልኝ። መጨረሻዋን ቃል በጣቴ ቆጠርኩ።

ሦስት ናቸው።